የጠላቂው መውጣት በውሃው ገጽ አያበቃም

ከኮራል ባሕር ወደ አዊ ደጋ ስለሚመለስ መንገደኛ የተደረገ ንግግር



እንጅባራን በመሰለ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,560 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በተቆረቆረ የደጋ ከተማ ስለ ባሕር ጠላቂዎች መናገር ነገርን ከቦታው ውጭ ማንሣት ሊመስል ይችላል። የአዊ ምድር የሚታወቀው በፈረሱና በፈረሰኞቹ፣ በድንቹ፣ በቀርከሃውና በዝናሙ እንጂ በባሕር አይደለም። ሆኖም ርእሱ ለዚህ ስፍራ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በሩቅ የኮራል ደሴቶች ዙሪያ ጠልቆ መዋኘትን የሚመለከቱ መጻሕፍትና መመሪያዎች አብዛኛዎቹ የተጻፉት ቤቱ በባሕር ዳርቻ ለሆነ ሰው ነው። ለእርሱ ከባሕር መውጣት ማለት ከውሃው ገጽ መድረስ ማለት ነው። ቤቱ በደጋ ለሆነ ሰው ግን ከውሃው ገጽ በኋላ ገና ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሜትር የሚወጣ አቀበት ይቀረዋል። ይህ አቀበት በሂሳብ ውስጥ ካልገባ፣ በደስታ የሄደው ሰው እግሩ ከድቶት ሊመለስ፣ ከዚያ የከፋም ሊደርስበት ይችላል። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህንኑ ማስረዳት ነው።

ኢትዮጵያውያን ከባሕር ጋር ያላቸው ትውውቅ የትናንት አይደለም። አገሪቱ እስከ 1985 ዓ.ም. ድረስ በቀይ ባሕር ላይ ሰፊ ጠረፍ ነበራት፤ እ.ኤ.አ. በ1955 የተቋቋመው ባሕር ኃይልም ዋና ሰፈሩ ምጽዋ ነበር። ከምጽዋ ፊት ለፊት ከመቶ የሚበልጡት የዳህላክ ደሴቶች ተበትነው ይገኛሉ። እነዚህ ደሴቶች ከጥንት ኮራል የተሠሩ ሲሆኑ፣ ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ በሉላቸው የታወቁ ናቸው። ሉል ለቃሚው ያለ አንዳች መሣሪያ፣ ትንፋሹን ብቻ ይዞ ይወርድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 እና በ1965 ደግሞ የእስራኤል ተመራማሪዎች በዚያው ስፍራ የባሕሩን ሕይወት ለማጥናት ዘምተዋል።

ሰው ትንፋሹን ከመያዝ አልፎ በውሃ ውስጥ እንደ ልቡ እንዲተነፍስ ያስቻለው መሣሪያ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። ሠሪዎቹም የፈረንሳይ የባሕር ኃይል መኮንን የነበረው ዣክ ኩስቶና ኢንጂነሩ ኤሚል ጋኛን ናቸው። የመሣሪያው ምሥጢር በጠርሙሱ ውስጥ በታመቀው አየር ላይ ሳይሆን፣ ጠላቂው በሳበ ቁጥር ከአካባቢው የውሃ ግፊት ጋር የተመጣጠነ አየር በሚሰጠው መቆጣጠሪያ ላይ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1963፣ የኩስቶ ባልደረቦች በሱዳን ጠረፍ ሻዓብ ሩሚ በተባለው የኮራል ስፍራ በአሥር ሜትር ያህል ጥልቀት ቤት ተክለው አምስት ሰዎች አንድ ወር ኖረውበታል።

ዛሬ ለኢትዮጵያዊው እጅግ ቅርብ የሆነው የኮራል ባሕር የጅቡቲ ባሕር ነው። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ወራት ከዓሦች ሁሉ የሚገዝፈው ዌል ሻርክ ይታያል። ከዚያ ወደ ሰሜን፣ በባብ ኤል መንደብ መግቢያ ላይ፣ ሰባቱ ወንድማማቾች የሚባሉት ደሴቶች አሉ። የአዊ ሕዝብም በትውፊቱ ከሰባት ወንድማማቾች የሚቆጠር፣ ሰባት ቤት አገው የሚባል ስለሆነ፣ ይህ ስም ለእንጅባራና ለዳንግላ ሰው ጆሮ እንግዳ አይሆንም። ወደነዚህ ደሴቶች የሚጓዙ ጠላቂዎች በጀልባ ላይ እያደሩ ለብዙ ቀናት ይሰነብታሉ፤ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ይጠልቃሉ። ስፍራው የተወደደው ከከተማና ከወደብ የራቀ በመሆኑ ነው። ሐኪሙና የሕክምና መሣሪያው ከጀልባው የሚርቁትም በዚሁ ምክንያት ነው።

በዚያ የሚታየው ነገር በተለይ ለግንባታ ባለሙያ የሚያስደንቅ ነው። ኮራል ተክል ወይም ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። ከባሕሩ ውሃ ካልሲየም እየወሰደ የኖራ ድንጋይ አጽም ይሠራል፤ በሥጋው ውስጥ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ደቂቅ አልጌዎች ደግሞ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ያዘጋጁለታል። ብርሃን ስለሚያስፈልገው ውብ የሆነው ክፍል ከገጹ ብዙም አይርቅም። ዕድገቱ በዓመት በሚሊሜትርና በሳንቲሜትር የሚለካ ስለሆነ፣ በአንድ የጀልባ መልህቅ የሚሰበረውን ለመተካት የብዙ ዓመታት ዕድሜ ይጠይቃል። ውሃው ከመጠን በላይ ሲሞቅ ኮራሉ ባለ ቀለም እንግዶቹን አስወጥቶ ይነጣል። ዓለም አቀፍ የሆነ አራተኛ የኮራል መንጣት መከሰቱም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ይፋ ተደርጓል። ስለዚህ ይህን ለማየት የሚጓጓ ወጣት ቢኖር የሚነቀፍ አይሆንም። የሚያስፈልገው የመመለሻውን መንገድ ማወቅ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። አየር ክብደት አለው። በባሕር ዳርቻ የቆመ ሰው በላዩ ላይ የተጫነውን የአየር ግፊት አንድ አትሞስፌር ብንለው፣ በዳንግላ ከፍታ፣ ይኸውም በ2,137 ሜትር ያህል፣ ግፊቱ 0.77 ይሆናል፤ በእንጅባራ ደግሞ 0.73 ብቻ ነው። ይህን ለማረጋገጥ የላቦራቶሪ መሣሪያ አያስፈልግም። ማንኛዋም የአዊ ባልቴት ባቄላ ከቆላ ይልቅ በደጋ ለመብሰል እንደሚዘገይ ታውቃለች። ምክንያቱ የአየሩ ግፊት በማነሱ ውሃው መቶ ዲግሪ ሳይደርስ፣ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ነው።

በባሕር ውስጥ ግን ግፊቱ በፍጥነት ይጨምራል። በየአሥር ሜትሩ አንድ አትሞስፌር ይታከላል፤ በአሥር ሜትር ሁለት፣ በሃያ ሜትር ሦስት፣ በሠላሳ ሜትር አራት ይሆናል። ጠላቂው የሚተነፍሰው አየርም በዚያው ልክ የታመቀ ነው። ከአየሩ ውስጥ አምስት እጅ ተደርጎ አራቱን እጅ የሚይዘው ናይትሮጅን ለሰውነት ስለማይጠቅም አይበላም፤ በደምና በሥጋ ውስጥ ይሟሟል እንጂ። ጠላቂው በጠለቀና በቆየ ቁጥር የሚሟሟው ይበዛል።

ይህ የተሟሟ አየር በመውጫው ጊዜ ምን እንደሚያደርግ ለመረዳት አንድ ጠርሙስ የአምቦ ውሃ መመልከት ይበቃል። ክዳኑ እንደ ተዘጋ አረፋ አይታይበትም፤ አየሩ በግፊት ተገዶ በውሃው ውስጥ ተኝቷል። ክዳኑ በድንገት ሲከፈት ግን አረፋው እየተንፈቀፈቀ ይገነፍላል። ቀስ በቀስ ቢላላ ጋዙ ረጋ ብሎ ይወጣል። የጠላቂውም ደም እንዲሁ ነው። በዝግታ ሲወጣ ናይትሮጅኑ በሳንባው በኩል ተነፍሶ ያልቃል። በችኮላ ሲወጣ በደሙና በመጋጠሚያው ውስጥ አረፋ ይፈጥራል፤ አረፋውም ነርቭ ይጫናል፣ የደም ሥር ይዘጋል፣ ከኅብለ ሰረሰር ከደረሰም ሽባ ያደርጋል።

ይህን በሽታ መጀመሪያ ያገኙት የባሕር ሰዎች ሳይሆኑ ኢንጂነሮች መሆናቸው ለዚህ ማኅበር አባላት ልዩ ትርጉም ይኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1841 ፈረንሳዊው ኢንጂነር ትሪዤ በሎዋር ወንዝ አጠገብ ውሃ ያስቸገረውን የከሰል ጉድጓድ በታመቀ አየር እያደረቀ ሲያስቆፍር፣ ሠራተኞቹ ከወጡ በኋላ በመጋጠሚያቸው ላይ ሕመም እንደሚሰማቸው ጽፏል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1874 የተፈጸመው የሴንት ሉዊስ ድልድይ መሠረቱ በሚሲሲፒ ወንዝ ሥር ሲጣል ከአሥር የሚበልጡ ሠራተኞች በዚሁ በሽታ ሞተዋል። የኒው ዮርኩ የብሩክሊን ድልድይ ዋና ኢንጂነር ዋሽንግተን ሮብሊንግም እ.ኤ.አ. በ1872 በመሠረቱ ጉድጓድ ውስጥ ታሞ ከአልጋ ስለዋለ፣ ባለቤቱ ኤሚሊ ሮብሊንግ ትእዛዙን ለሠራተኞቹ እያስተላለፈች ድልድዩ እ.ኤ.አ. በ1883 ለመመረቅ በቃ። ዛሬ በመንገዳችን ላይ የምናያቸው የድልድይ ምሰሶዎች ሳይንስ ከዚህ ዋጋ ጋር የተቆራኘ ነው።

የበሽታው መንሥኤ ናይትሮጅን መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1878 ያስረዳው ፈረንሳዊው ፖል ቤር ነው። መከላከያውን በሂሳብ ያበጀው ግን ስኮትላንዳዊው ጆን ሆልዴን ነበር። ሆልዴን በፍየሎች ላይ ሙከራ ካደረገ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1908 ባወጣው ጥናቱ፣ ሰውነት ከለመደው ግፊት ወደ ግማሹ ቢወርድ ብዙውን ጊዜ እንደማይጎዳ፣ ከዚያ በላይ ግን በየእርከኑ እየቆመ መውጣት እንደሚገባው አሳየ። ኋላ የተነሡ ተመራማሪዎች ይህን መጠን እንኳ ቀንሰውታል፤ የደረጃው አሳብ ግን እስከ ዛሬ ጸንቶ ይኖራል። ይኸው ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1911፣ በአሜሪካ 4,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው የፓይክስ ተራራ ጫፍ ላይ ወጥቶ የከፍታን ጠባይ አጥንቷል። ጥልቀትና ከፍታ በአንድ ሊቅ እጅ የተጠኑት በአጋጣሚ አይደለም፤ የግፊት አንዱ መሰላል ላይኛውና ታችኛው ጫፍ ስለሆኑ ነው።

እንግዲህ የአዊን መንገደኛ በዚህ መሰላል ላይ እናስቀምጠው። በአሥር ሜትር ጥልቀት ረዥም ጊዜ የቆየ ሰው ሰውነቱ ሁለት አትሞስፌር ለምዷል። ከውሃው ገጽ ሲደርስ ግፊቱ አንድ ይሆናል፤ ይህ ሆልዴን የፈቀደው ግማሽ ነው። ይኸው ሰው በዚያው ቀን እንጅባራ ቢገኝ ግን ከሁለት ወደ 0.73 ወረደ ማለት ነው፤ ይኸውም ከግማሽ አልፎ ወደ ሲሶው መቅረብ ነው። በሌላ አነጋገር፣ በባሕር ዳርቻ በሰውነቱ ውስጥ ቀርቶ ያላስቸገረው ጥቃቅን አረፋ እንጅባራ ሲደርስ ከሲሶ በላይ ይተልቃል።

የአየር ጉዞን በሚመለከት ዓለም አቀፍ ጠላቂዎች የሚመሩበት ደንብ አለ። አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ሰው ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለብዙ ቀናት ወይም በቀን ደጋግሞ የጠለቀ 18 ሰዓት፣ በእርከን እየቆመ መውጣት ያስፈለገው ደግሞ ከዚያ በእጅጉ የሚበልጥ ጊዜ ሳይቆይ አውሮፕላን እንዳይሳፈር ይመከራል። ብዙዎች ለጥንቃቄ ሲሉ 24 ሰዓት ይቆያሉ። ይህ ደንብ የተሰላው የአውሮፕላኑ ውስጥ ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ካለው ጋር ይተካከላል በሚል ነው። ይህን ቁጥር ልብ ማለት ያሻል። ዳንግላ ከዚህ ወሰን በታች ነው። በአርባ ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው እንጅባራ ግን ከወሰኑ በላይ ይገኛል። ስለዚህ የእንጅባራ ሰው ከአውሮፕላኑ ወርዶ ቤቱ ሲገባ ከነበረበት አውሮፕላን በበለጠ ከፍታ ላይ ይሆናል። ተሳፋሪው በአውሮፕላን የሚቆየው ለአንድ ሰዓት ነው፤ በቤቱ ግን ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ ያድራል። ለሌላው ሰው ጉዞው ሲፈጸም አደጋው ያልፋል፤ ለእንጅባራ ሰው ግን አደጋው በገዛ ደጃፉ ላይ ሊጠብቀው ይችላል።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። የመጨረሻው ቀን ከውሃ ውጭ በባሕር ዳርቻ ይዋል፤ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ይቆይ፤ ብዙ የጠለቀ ከዚያም ይጨምር። የአሜሪካ ባሕር ኃይል የጠላቂዎች መመሪያ እስከ 10,000 ጫማ፣ ይኸውም እስከ 3,048 ሜትር ድረስ፣ ወደ ከፍታ ከመውጣት በፊት የሚያስፈልገውን የቆይታ ጊዜ በሰንጠረዥ ስለሚያሳይ፣ የደጋ ሰው የራሱን ከተማ ከፍታ ይዞ ከአስተማሪው ጋር ይህን ሊመለከት ይገባል። ከዚህ በተጨማሪ የሆልዴን ደረጃ በየብስም ላይ ይሠራል። እ.ኤ.አ. ከጥር 2018 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር በ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው በድሬዳዋ ያልፋል። በቂ ጊዜ በባሕር ዳርቻ የቆየ መንገደኛ በድሬዳዋ አንድ ሌሊት ቢያድር፣ ወደ አዲስ አበባና ወደ ጎጃም ከመዝለቁ በፊት አንድ ተጨማሪ እርከን ላይ ቆመ ማለት ነው። ይህ ግን የባሕር ዳርቻውን ቆይታ የሚተካ ሳይሆን በእርሱ ላይ የሚታከል ነው።

ጉዳዩ በቅርብ ያለውን ውሃም ይመለከታል። በእንጅባራና በከሳ መካከል በአውራ ጎዳናው አጠገብ የሚገኘው የዘንገና ሐይቅ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠረ ሲሆን ጥልቀቱ 166 ሜትር ያህል ነው። ጣና በጥልቁ ስፍራ 14 ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ትንሿ ዘንገና ታላቁን ሐይቅ ከአሥር እጥፍ በላይ ትበልጠዋለች። በባሕር መጥለቅ የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ ልቡ መነሣቱ አይቀርም። ነገር ግን በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ውሃ የባሕር ውሃ ሕግ አይገዛውም። በባሕር ግፊቱ እጥፍ የሚሆነው በአሥር ሜትር ነው፤ በዘንገና ግን ሰባት ሜትር ተኩል ሲጠለቅ እጥፍ ይሆናል። እንደዚሁም በዘንገና 18 ሜትር የጠለቀ ሰው በባሕር 24 ሜትር ያህል እንደ ጠለቀ፣ 30 ሜትር የጠለቀም 40 ሜትር ያህል እንደ ጠለቀ ተቆጥሮ መውጫው መሰላት አለበት። አርባ ሜትር ለመዝናኛ ለሚጠልቁ ሰዎች የተወሰነ የመጨረሻ ወሰን ነው። ለባሕር ጠለል ብቻ የተስተካከለ የጥልቀት መለኪያም በዚያ ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ አሳንሶ ሊያሳይ ይችላል።

ይህ ዕውቀት ከተራራማ አገሮች የመጣ ነው። ስዊሳዊው ሐኪም አልበርት ቡልማን በአገሩ የተራራ ሐይቆች ለሚጠልቁ ሰዎች ሰንጠረዥ አዘጋጅቷል፤ ስሌቱም እ.ኤ.አ. በ1987 ከ3,800 ሜትር በላይ በሚገኘው በቲቲካካ ሐይቅ ተፈትኗል። ኩስቶም ከዚያ ቀደም፣ እ.ኤ.አ. በ1968፣ በዚሁ ሐይቅ ጠላቂዎችን አሰማርቶ ነበር። ስለ እሳተ ገሞራ ሐይቆች ደግሞ ካሜሩን ከባድ ትምህርት ትታለች። እ.ኤ.አ. በ1986 ከኒዮስ ሐይቅ ወለል የተለቀቀ የካርቦን ጋዝ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ያህል ሰዎች ገድሏል። ስለዚህ እንዲህ ባለ ሐይቅ ሰው ከመግባቱ በፊት የጥልቁን ውሃ ናሙና አውጥቶ ጋዙን መመርመር ቀዳሚ ተግባር ሊሆን ይገባል።

ይህ ሁሉ ለጥቂት ባለ ገንዘብ መንገደኞች ብቻ የሚነገር ነው የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ሰው በደጋ ሐይቅ ሲሰጥም አስከሬኑን ለማውጣት የሚጠራው ጠላቂ ነው። እርሱ ከቆላ ተነሥቶ በጥድፊያ ይደርሳል፤ ቤተሰብ በዳር ቆሞ እያለቀሰ ይጠብቀዋል፤ ደጋግሞም ይጠልቃል። የባሕሩን ሰንጠረዥ ይዞ ከገባ ከአንድ ሐዘን ሁለት ሐዘን ሊሆን ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበው የበሽታው መልክ አሳሳች መሆኑ ነው። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ፣ አንዳንዴም ዘግይቶ፣ ይልቁንም ወደ ከፍታ ሲወጣ ይታያል፤ የትከሻና የጉልበት ቁርጥማት፣ የእጅ እግር መደንዘዝ፣ ከልክ ያለፈ ድካም፣ ራስ ማዞር። ደጋ ላይ ለደረሰ መንገደኛ ይህ ሁሉ ብርድ ነው፣ የመንገድ ድካም ነው፣ ምች ነው ለመባል የተመቸ ነው። ታማሚው በጋቢ ተጠቅልሎ ይተኛል፤ በዚያ ሌሊት ግን አረፋው ሥራውን ይሠራል። መጀመሪያ የሚረዳው ንጹሕ ኦክሲጅን መስጠትና በተቻለ ፍጥነት የታመቀ አየር ወዳለበት የሕክምና ክፍል ማድረስ ነው። ለዚህ ደግሞ በጤና ጣቢያ የተቀመጠው ባለሙያ «ካለፉት ሁለት ቀናት ወዲህ ጠልቀህ ነበር ወይ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ይህች አንዲት ጥያቄ ምንም ወጪ የላትም፤ እግር ግን ልታድን ትችላለች።

እንግዲህ ከዚህ ማኅበር የሚጠበቀው ከባድ ነገር አይደለም። ኢንጂነር ከፍታን ለክቶ በካርታና በምሰሶ ላይ መጻፍ የዕለት ሥራው ነው። በዘንገና ዳር የሐይቁን ከፍታና ጥልቀት፣ በባሕር ሂሳብም ስንት ሜትር እንደሚሆን የሚያሳይ ሰሌዳ ቢተከል፣ የእንጅባራና የዳንግላ ከፍታ ከሚያስፈልገው የቆይታ ምክር ጋር በአንድ ገጽ ታትሞ ለጉዞ ወኪሎች፣ ለጤና ጣቢያዎችና ለእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ቢሰጥ፣ ሥራው በጥቂት ሳምንታት ይፈጸማል። ትሪዤና ሮብሊንግ የሠራተኞቻቸውን ሕመም ያዩት ስሌቱ ገና ሳይገኝ ነበር። ዛሬ ስሌቱ ተገኝቷል፤ የቀረው የደጋውን ሰው ከፍታ በውስጡ ማስገባት ነው።